በጾም የተቀባው በር

ያን ቀን ጭጋጉ ከቆላው ወጥቶ አስመራ ጣሪያ ላይ ተኝቶ ነበር። የቤት ሠራተኛዋ ርግበ የግቢውን በር ልትከፍት ስትነካው እጇ እርጥብም ቀይም ሆኖ ተመለሰ።

በሩ ገዛ ባንዳ በሚባለው ሰፈር ካሉት የጣሊያን ቪላዎች የአንዱ ነው። ብረቱ እንደ ወይን ሐረግ ተጠማዞ ቅጠልና ዘለላ አውጥቷል፤ ቅጠሉን ሁሉ ግን ዝገት በልቶታል። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ የሺሀረግ ባላቸው ለመንግሥት ሥራ ሲዛወሩ አብረው ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው።

«ይነቀልና ደህና የቆርቆሮ በር ይግባ። ዘበኛም እቀጥራለሁ» አሉ።

ርግበ ደነገጠች። ዘበኛ ከመጣ የሚገባው በሩ አጠገብ ያለችው የእሷ ክፍል ውስጥ ነው።

«እትዬ፣ ዝገቱን እኔ አስለቅቀዋለሁ። ሲኞራ ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለ በር ሳበጅ ነው የኖርኩት።»

«አንቺ?»

«እወ፣ እኔ።»

የቀድሞ አሠሪዋ፣ ጣሊያናዊቷ ሲኞራ ቤት በሩን ያበጅ የነበረው አንድ ጣሊያናዊ ሠራተኛ ነው። ርግበ ድንች እየላጠች በመስኮት አይታዋለች፤ ሙያዋ ይኸው ነው። አፏ ግን ሁልጊዜ ከእሷ ቀድሞ ይሄዳል።

ሥራው መጀመሪያ አማረላት። በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገች፣ በአሸዋ ወረቀት በየቅጠሉ ስር ገባች፣ በላምባ ጠርጋ በደረቅ ጨርቅ አደረቀችው። ጣቶቿ ተላጡ፣ ብረቱ ነጣ። የቀረው ጭጋጉ ሳይመለስ ቅባት መቀባት ነበር። ሠራተኛው ከጣሳ ውስጥ ቢጫ፣ ለስላሳ ነገር በጨርቅ እያወጣ ሲቀባ ታስታውሳለች። ጓዳ ገባች። ዐቢይ ጾም ስለሆነ ማንም ያልነካው የቅቤ ጣሳ ተቀምጧል። ጸጉርን ከድርቀት ያዳነ ብረትን እንዴት አያድንም? ትምህርቷን ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሰው ስትራቀቅ እንዲህ ነው።

በማግስቱ የእመቤቷ የነፍስ አባት፣ አባ ዓንደማርያም፣ መጡ። የጎረቤት ውሻ የታችኛውን ዘለላ ይልሳል። አባ ውሻውን አባርረው በሩን በሁለት እጃቸው ገፉና ጣታቸውን አሸተቱ።

«የሺሀረግ፣ በዚህ ቤት የሚጾም አለ?»

የእመቤቷ ፊት አመድ መሰለ። «ርግበ፣ ምንድን ነው የቀባሽው?»

«ቅቤ ነው እትዬ። እኔ ግን አልቀመስኩም።»

አባ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «የገደፈው በሩ ነው እንግዲህ። ለብረት የሚሆን ንስሐ የለኝም።»

ወይዘሮ የሺሀረግ አልሳቁም። ተወልደመድኅን የሚባል ቀለም ቀቢ አስጠርተው ቅቤውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አሳጠቡ፤ ሲደርቅ ፀረ ዝገት፣ በላዩም ጥቁር ቀለም አስቀቡት።

«ዝገቱንስ በደንብ አንስታዋለች። ይህ በር መነቀል የለበትም» አላቸው ቀለም ቀቢው።

«በሩ ይቆያል» አሉ እመቤቷ። «እሷ ትሂድ።»

ርግበ በሩን አዳነች፤ ክፍሏን ዘበኛው ገባባት። ጓዟን በአንድ ጆንያ አድርጋ ስትወጣ፣ በሩ እንዳይጮህ በቀስታ ዘጋችው። ዝገቱን ያስለቀቀችው እሷ ናትና፣ እንደማይጮህ ማንም ከእሷ በላይ አያውቅም ነበር።

አሁን ቃሓውታ ሰፈር እህቷ ኣብርሄት ዘንድ ትኖራለች፤ የሰው ልብስ ታጥባለች።