የምንዋጋው ዓይንና የደጅይጥኑ ቤት

ምንዋጋውን ቂመኛ ያደረገው የደረሰበት ግፍ ነው የሚሉ አሉ። ውሸታቸውን ነው። ሰውየው ቂምን የወረሰው ካባቱ ነው። አባቱ የጋዝጊብላ መሬቴን ድንበር የገፋብኝ የድንበርተኛችን የደጅይጥኑ አባት ነው እንዳለ፣ የልጁን እጅ ጨብጦ «እንዳትረሳ» ብሎ ሞተ። ልጁም አልረሳም። ከሰቆጣ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ለትምህርት ሲሄድ፣ በኋላም አውሮፕላን ማብረር ሲማር ያቺ ድንበር ከሆዱ አልወጣችም።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ካፒቴን ሆነ። ሰቆጣ ጉድ አለ። እናቱ ወለተ ሰንበት አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የማንም ይሁን የማን ከግቢዋ ወጥታ ነጠላዋን ታውለበልብ ነበር። ከታች ሆኖ ለሚያይ ኑሮው የንጉሥ ኑሮ ይመስላል። ቀርበው ቢያዩት ግን ሌላ ነው። ዳኮታ አውሮፕላኑን ይዞ ወፍ ሳይንጫጫ ይነሳል፣ በቀን አምስት ስድስት ቦታ ያርፋል፣ ከሣር ሜዳው ላይ ከብት እስኪባረርለት ተራራ ለተራራ ይዞራል። ደመና ከያዘው ያለበት ከተማ ያድራል። የእህቱን ሞት የሰማው አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው። ሚስቱ ጥሩሐረግ «ባል አገባሁ ብዬ እንግዳ አገባሁ» ትለው ነበር፤ መጀመሪያ እየሳቀች፣ በኋላ ሳትስቅ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ በየስድስት ወሩ የሚመጣው የሐኪም ምርመራ ነው። ዓይን ይታያል፣ ጆሮ ይታያል፣ ልብ ይደመጣል፣ ዓይነ ምድር ሳይቀር ይመረመራል። አንዲት ነገር ከጎደለች የማብረር ፈቃዱ ይታገዳል። ገበሬ ርስቱን አንዴ ከወረሰ ወረሰ ነው፤ የምንዋጋው እንጀራ ግን በዓመት ሁለቴ እንደ አዲስ ይለመናል። እንቅልፍ የሚነሳውም ይኸው ነበር።

በሃምሳ ስምንት ለዕረፍት አገሩ ሲገባ ሽማግሌዎች ያዙት። መሪጌታ ገብረ አምላክ የሚባሉ በጨዋነታቸው የሚፈሩ አዛውንት ነበሩ። «አንተ የሰው ነፍስ ተሸክመህ የምትሄድ ሰው ነህ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነውና ከደጅይጥኑ ታረቅ» አሉት። እምቢ ማለት አልሆነለትም። ድንበሩ ላይ ድንጋይ ተተክሎ እርቁ ወረደ፤ ደጅይጥኑም ሰንጋ ጥሎ በቤቱ ደገሰ። ጥሬውን በእጁ እየቆረጠ አጎረሰው። ሚስቱ ማሬ ብርሌው ጎደለ ሳይባል ጠጅ ቀዳችለት። ደጅይጥኑ «ምንዋጋው፣ እንግዲህ ወንድሜ ነህ» ሲለው ካፒቴኑ «አሜን» አለ። ከአንገት በላይ ነበረች፤ ግን አለ።

አዲስ አበባ ሊመለስ ሲነሳ እናቱ በጨርቅ የቋጠረችውን የተፈጨ ኮሶ ሻንጣው ውስጥ ከተተችለት። «ሥጋ በልተሃልና ኮሶ ሳይታይህ አይቀርም። ይቺ ለሦስት ጊዜ ናት። ስትጠጣ ተኝተህ የምትውልበትን ቀን ምረጥ» አለችው።

እንዳለችውም በሁለት ወሩ ኮሶ ታየው። ምርመራው አምስት ቀን ሲቀረው። ያገራችን ሰው በዚህ አያፍርም፤ በየሁለት ወሩ ኮሶውን ጠጥቶ ሽሮ ይወጣል። ካፒቴን ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ትል ያገኘበት እንደሆነ ከበረራ ያግደዋል፤ ወንበሩን የሚጠብቁ ደግሞ ሞልተዋል። ተኝቶ የሚውልበት ቀን ደግሞ ከየት ይምጣ? ያለችው አንዲት የዕረፍት ቀን ናት። እና ምን አደረገ መሰላችሁ። ለሦስት ጊዜ የተባለችውን አንድ ላይ በጥብጦ በባዶ ሆዱ ጨለጣት። ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ዋለ። ኮሶው ወጣለት። ተገላገልኩ ብሎ ተኛ።

በሦስተኛው ቀን ዳኮታውን ይዞ ወደ ደሴ ሲበር የከፍታ መለኪያውን መርፌ አጣው። ዓይኑን ቢያሽ፣ ቢያርገበግብ ያው ነው። ዳርና ዳሩን ያያል፤ ትክ ብሎ የሚያየው ነገር መሃሉ ይጠፋል። ረዳቱን «አንተ አሳርፍ» አለውና እጁን ጭኑ ላይ አደረገ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም።

ሐኪሙ ዓይኑን በመብራት አየና ነርቩ ተጎድቷል አለው። «ካፒቴን፣ የአገር መድኃኒት የሚባል ነገር ወስደው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀው። ምንዋጋው አፈረ። አምስት ዓመት ከፈረንጅ ጋር በእኩል የተቀመጠ ሰው ኮሶ ጠጣሁ ይበል? «የለም» አለ። ፈቃዱም በዚያው ተነጠቀ። መዝገብ ቤት ወንበር እንስጥህ ቢሉት ወረቀቱን የሚያነብበት ዓይን የለውም። ጥሩሐረግ ወላጆቿ ቤት ገባች። እሱም ሻንጣውን ይዞ ሰቆጣ ተመለሰ።

ሰው ጠላት እያለው ራሱን አይጠረጥርም። ምንዋጋው ሌት ተቀን ያወጣል ያወርዳል፤ የሚመጣለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ጠጅ! ማሬ የቀዳችው፣ ደጅይጥኑ እየሳቀ ጠጣ ጠጣ ያለው። እርቅ ብሎ ጠርቶ መድኃኒት አጠጣኝ፣ ድንበሩን በድንጋይ መልሶ ዓይኔን ወሰደ ማለት ጀመረ። የኮሶዋ ነገር በልቡ ትዝ ብላው ታውቅ ነበር ወይ? ይህን እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። እኔ ግን ትዝ ያለችው ይመስለኛል፤ ትዝ ስትለው ነው አብዝቶ የሚራገመው።

አንድ ጠዋት ያባቱን ጠመንጃ ይዞ ደጅይጥኑ ወደ ገበያ በሚወርድበት መንገድ ዳር ተቀመጠ። ሰውየው አህያውን እየነዳ መጣ። ምንዋጋው አነጣጠረ። ተራራውን ያያል፣ ቁልቋሉን ያያል፣ ያህያዋን ጆሮ ያያል፤ ሰውየው ላይ ሲያነጣጥር ሰውየው የለም። ዓይኑን ዘወር ሲያደርግ ይመጣል፣ ሲመልስበት ይጠፋል። ደጅይጥኑ ምንም ሳያውቅ አልፎ ሄደ። ምንዋጋው እዚያው ተቀምጦ በንዴት አለቀሰ። መግደል እንኳ ተከለከልኩ ብሎ።

ጥይት እምቢ ካለ አፍ አለ። መሪጌታ ዘንድ ሄዶ በሽማግሌ ፊት ከሰሰው፤ «መድኃኒት ሰጥቶ ዓይኔን አጠፋ።» ደጅይጥኑ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ። እንዲህ ያለ ነገር ባገሩ ደንብ የሚቆረጠው በመሐላ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ደጅይጥኑ በሕዝቡ ፊት የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ «ይህን አድርጌ እንደሆነ ቤቴ ይፍረስ» ብሎ ማለ። እንግዲህ ሰዉ ሁሉ መጠበቅ ያዘ። በሐሰት የማለ ዓመት አይሞላውም ይባላልና፣ የደጅይጥኑ ላም ባሳለች ቁጥር ጎረቤት ጆሮውን ያቆም ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው ምንዋጋው ነው። ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከደጅይጥኑ ቤት ምን ተሰማ?» ብሎ ነው።

በአራተኛው ወር ማሬ ምጥ ይዟት ሦስት ቀን ተሰቃየችና ከነልጇ ሞተች። ምጥ ስንቷን ይወስዳል! ሰዉ ግን በቃ አለ። መሐላው ደረሰ፤ ጠጁን የቀዳችው እጅ ራሷ ተቀጣች ተባለ። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ሄዱ፤ ከመንደሩ ግን ቃሬዛ የሚሸከም አንድ ሰው አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ማሕበርተኞቹ ጽዋቸውን አዛወሩበት፤ ከቤቱ እሳት የሚጭር ጎረቤት ጠፋ።

ምንዋጋው ይህን ሲሰማ አንጀቱ ራሰ። አልዋሽም፣ የዚያን ቀን ጠላ አስቀድቶ ጠጣ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ወለተ ሰንበት «በሰው ሞት አይሣቅም» ብትለው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፣ እምዬ» አላት።

መሐላው ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ወለተ ሰንበት ለጎረቤት ኮሶ እየሰፈረች ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። እንዲያው ለወሬ ያህል «ያቺ የሰጠሁህ ሻረችህ? ለስንት ጊዜ አደረግሃት?» አለችው።

«ባንዴ ነው የጠጣኋት፣ እምዬ። ቀን አልነበረኝም።»

እጇ ቆመ። «ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«ዓይንህ የታመመው በስንተኛው ቀን ነው?»

«በሦስተኛው» አላት። ወለተ ሰንበት ሲከፋት በኽምጣንጋ፣ ባገሯ አገውኛ ነው የምትናገረው። ያን ጊዜም ብዙ ተናገረች፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሰች። «ያባቴ ወንድም ደሃና ላይ ኮሶ ደርቦ ጠጥቶ ዓይኑ ጠፍቶ ነው በመሪ ሲሄድ የሞተው። አንተን እንዴት አላስጠነቀቅሁህም እያልኩ ራሴን እበላለሁ። አንተ ግን ማሬን በላህ።»

«ማሬን የገደላት ምጥ ነው።»

«እኮ! ምጥ ነው። አንተ ነህ መሐላው ነው የገደላት ያስባልክ።»

«ማንም አያውቅም፣ እምዬ። ይቅር።»

«እኔ አውቄአለሁ። ትሄዳለህ፤ አንተ ካልሄድክ እኔ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆሜ እናገራለሁ።» ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ እንደምታደርገው ያውቃል።

ያገሩ ደንብ የታወቀ ነው። የበደለ ሰው ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የተበደለው ደጅ ይቆማል፤ የተበደለው «ማርኩህ፣ አውርድ» ሲለው ያወርዳል። እንኳን የዋሸ፣ ደም ያፈሰሰም በዚህ ምሕረት አግኝቷል። ወለተ ሰንበት ድንጋዩን ራሷ መረጠች፤ ቀላል አልመረጠችም። መሪጌታንና ጎረቤቱን ጠራች። ልጇን በክንዱ ይዛ መራችውና ደጅይጥኑ ቤት አደረሰችው። ሣር ደጃፉን ውጦታል።

ደጅይጥኑ ወጣ። ምንዋጋው ጎንበስ እንዳለ «አያ ደጅይጥኑ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዓይኔን ያጠፋሁት በገዛ እጄ ነው፤ በእርስዎ ላይ ዋሸሁ። ስለ መድኃኔዓለም ይማሩኝ» አለ። ሰዉ ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ አለ። መሪጌታ ራሳቸው መሬት መሬት አዩ፤ እሳቸውም የማሬን ቃሬዛ ካልተሸከሙት መሃል ነበሩና።

ደጅይጥኑ ከመሪጌታ ጀምሮ አንድ ባንድ ተመለከታቸው። ማንም ዓይኑን አላነሳም። «አውርድ በለው እንጂ» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

«ቃሬዛ ለአራት ሰው ነው» አለ ደጅይጥኑ። «እኔ ማሬን ከነልጄ ስሸከም ከደሃና ከመጣው ወንድሜ ጋር ሁለት ነበርን። ከዚህ እስከ መቃብሩ ሰባት ጊዜ አሳረፍናት፤ ላግዛችሁ የሚል አልነበረም። እሱም ትንሽ ይሸከም።»

ይህን ብሎ ገባና በሩን ዘጋ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። አንድ ጎረምሳ ሊያግዘው ወደ ድንጋዩ እጁን ሲሰድ ወለተ ሰንበት መለሰችው።