ያልፈሰሰው ውሃ

የሰልፉ ሰሞን፣ እንጅባራ በጉም በተሸፈነችበት ጠዋት ፖሊሶች ወሰዱኝ። በሰልፉ ምክንያት ወንድሜን ፈልገው ሲያጡት እኔን ያዙ። ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ ነበር፤ ሽንትና እርጥብ ጭቃ ይሸታል። የቆርቆሮ በሩ ተከፍቶ ከግድግዳው ጋር ሲላተም ከተቀመጥኩበት እዘላለሁ።

ጥግ ላይ ከእኔ በፊት የታሰሩ፣ ጋቢ የለበሱ አንዲት እናት ነበሩ፤ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ከባላቸው ጋር ፈረስ የሚገሩ።

“ደግሞ ያልተገራ ውርንጭላ አመጡልኝ” ብለው ሳቁብኝ።

መርማሪውም ድንጋጤዬን አውቆታል። ውሃ የሞላ ኩባያ ያስይዘኝና “ወንድምሽ የት ነው?” ይላል። ከዚያ ድንገት ጠረጴዛውን በዱላ ይመታል። ውሃው ቀሚሴ ላይ ይፈሳል።

“አየሽ? የማያውቅ ሰው አይደነግጥም።”

የት እንዳለ አውቅ ነበር። አንድ ቀን ውሃው ሲፈስ ወንድሜ ያለበት ቦታም ከአፌ እንዳያመልጥ ፈራሁ።

ለእናቲቱ ነገርኳቸው። “ጥርሴን ነክሼ ጩኸቱን እጠብቃለሁ፤ ግን ይብስብኛል።”

“እንዴታ! የፈራ ፈረስ ጅራፍ ሲሰማ አብልጦ ነው የሚዘለው። ለጥር ጊዮርጊስ ግልቢያ ስናለማምደው መጀመሪያ ገብስ እንሰጠዋለን፣ አንገቱን እናሻሸዋለን። ደስ ሲለው ነው ጅራፉን የምናጮኸው። ያንቺስ ገብስ ምንድን ነው?”

እያፈርኩ ነገርኳቸው፤ ልጆች ሳለን ወንድሜ ዘንገና ሐይቅ ዳር ቆሞ ይጮሃል፣ ገደሉ ድምፁን ይመልስለታል፣ እኛ እንስቃለን።

“በይ እሱን ያዢ” አሉና ማጅራቴን ያሻሹኝ ጀመር። በሩ ሊከፈት ቁልፉ ሲንኳኳ ሐይቁን አስባለሁ። እየዋለ እያደረ መዝለሌ ቀነሰ። በሩ ያው በር፣ ጩኸቱም ያው ጩኸት ነው። ገላዬ ግን ሌላ መልስ ይሰጠው ጀመር። የራሴ ገላ ገረመኝ።

መርማሪው እንደገና ሲያስጠራኝ ሐይቁን እያሰብኩ ኩባያውን ያዝኩ። ዱላው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ዓይኔ ብቻ ጨፈን አለ። ውሃው ተወዛወዘ እንጂ አልፈሰሰም። መርማሪው ኩባያውን አየ። ውሃውን ጠጥቼ ጨረስኩና “እግዜር ይስጥልኝ” ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ቃል አልተናገርኩም።

ስመለስ እናቲቱ ቀሚሴን ዳሰስ አደረጉት። ደረቅ ነበር።

ከተፈታሁ በኋላ፣ ዛሬም የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ ዓይኔ ይጨፈናል። ያንን የሚያስተወኝ የለም፤ ስፈጠር የተሰጠኝ ነው። መዝለል አለመዝለሌ ግን ያን ሰዓት ልቤ በያዘው ነገር የሚወሰን መሆኑን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል።

ወንድሜ ሳይያዝ ቀርቶ አሁን ዳንግላ ነው የሚኖረው። ስልክ ሲደውልልኝ አሁንም ሐይቁ ዳር እንደቆመ ይጮሃል።