ስም ያልተጻፈበት ሸክላ

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ምሽት ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ሌላ የነበረው አንድ የሙዚቃ ሸክላ ብቻ ነው። በትራስ ልብስ ጠቅልዬ በሁለት ሹራብ መሃል አስተኝቼዋለሁ። እህቴ እመቤት በሩ ላይ ቆማ "ጥለኸው ሂድ፣ ኤርፖርት ላይ ቢያዩትስ?" አለችኝ። "ስም የለበት፣ ምን ይሉኛል?" አልኳት። ታክሲው በራችን ድረስ እንዲመጣ ስላልፈለግን ሰፈሩ መግቢያ ላይ መብራቱን አጥፍቶ ይጠብቀኛል። ጎረቤት እንዳይሰማ ብለን እንባችንን እንኳ በሹክሹክታ ነው ያፈሰስነው። አገር ቤት ያላችሁ፣ ሰው ሲሄድ ደጅ ወጥታችሁ፣ አንገት ላይ ተጠምጥማችሁ፣ ጮክ ብላችሁ አልቅሳችሁ የምትሸኙ፣ ያ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እኔ ከገዛ እናቴ ቤት እንደ ሌባ ነው የወጣሁት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሀውስ የሚሉት ሙዚቃ አለ፤ ከበሮው ሳያቋርጥ ዱም ዱም የሚል፣ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው መጀመሩ የማይታወቅ፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚጨፍርበት። እኔ እሱን እየሠራሁ በሸክላ የማወጣበት ትንሽ ሌብል፣ የሙዚቃ አሳታሚ በሉት፣ ነበረኝ። ስሙ ጓዳ ሪከርድስ ነው። ስቱዲዮው እውነትም የእናታችን ጓዳ ነበር፤ እናታችን ካረፈች በኋላ ባዶውን ከሚቀመጥ ብዬ በአንድ በኩል የበርበሬውን ጆንያ ገፍቼ በሌላ በኩል ኮምፒውተርና ማይክ አስገባሁበት። በርሊን ያለ አንድ የሙዚቃ መደብር ሸክላውን እያሳተመ ለዓለም ይበትንልን ነበር።

የጓዳ ሕግ አንድ ነው፤ ሸክላ ላይ ስም አይጻፍም። የዘፋኝም፣ የሠሪውም፣ የማንም። መጋረጃ የተሳለበት ማኅተም ብቻ እናደርግበታለን። ድምፃቸውን የሚሰጡን ልጆች አባት ያላቸው፣ እጮኛ ያላቸው፣ የንስሐ አባት ያላቸው ናቸው፤ "የእገሌ ልጅ ጭፈራ ቤት ትዘፍናለች" እንዲባልባቸው አልፈለግንም። ሰው ቢጠይቅ መልሱ "አላውቅም፣ ሰምቼም አላውቅም" ነው። እኔና እመቤት ጓዳው ውስጥ እንደ ቲያትር እየተለማመድነው በሳቅ እንፈርስ ነበር። እሷ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ስትለው ግን እኔ ራሴ አምናታለሁ።

ጓዳን ያስጠራው የእሷ ድምፅ ያለበት ሸክላ ነው። ቃል የለውም። ልብስ እያሰጣች ስታንጎራጉር ሰምቻት "እስቲ እሱን እዚህ ድገሚው" ብዬ ማይኩ ፊት አቆምኳት። ከመጀመሯ በፊት አየር ሳብ አደረገች፤ ያንን ትንፋሽ ቆርጦ ማውጣት አሳሳኝና ተውኩት፣ ሸክላው በእሱ ይጀምራል። ከሥሩ ከበሮ አስገባሁበት። ውጭ አገር ሰው አበደለት፣ ከዚያ ዞሮ ዞሮ በስልክ አገር ቤት ገባ። አንዱ ኢንተርኔት ላይ "የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሰርቀው ጭፈራ ቤት አስገቡት" ብሎ ጻፈ። አልሰረቅንም፣ የልብስ ማስጫ እንጉርጉሮ ነው፤ ግን ማን ይስማ? አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዱላ የያዙ ሰዎች መጥተው ጓዳውን እንክትክቱን አወጡት። "ባለቤቱ የታለ? እሱን ነው የምንፈልገው" ሲሉኝ "አላውቅም፣ እኔ ተከራይ ነኝ" አልኩ። ፖሊስ ሲመጣም ፍርሃቴ ገና አልለቀቀኝምና ያንኑ ደገምኩ። ወረቀታቸው ላይ ተከራይ ብለው ጻፉኝ። ደግነቱ የአጎቴ ልጅ ውቅያኖስ ማዶ ካልጋሪ ከተማ ሲያገባ ለሰርጉ ያስመታልኝ ቪዛ ፓስፖርቴ ላይ ነበር።

ሰርጉን ጨፍሬ ስጨርስ ጥገኝነት ጠየቅኩ። ስለ ብርዱ ሰምታችኋል፣ ግን አልሰማችሁም። የእኛን አገር ብርድ ጋቢ ደርባችሁ ታሸንፉታላችሁ፤ የዚህኛው አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ፀጉር ያደርቃል። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ደግሞ አላቸው፤ በረዶውን በአንድ ቀን አቅልጦ ሰዉን በቲሸርት ያስወጣና በማግስቱ ከድቶ ይሄዳል። ቲማቲሙ ያምራል እንጂ ቲማቲም ቲማቲም አይልም። ሰዉ "ሃው አር ዩ" ይልና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል፤ እኔ መጀመሪያ ሰሞን መንገድ ላይ ቆሜ በዝርዝር እመልስ ነበር።

ሳቫና የሚባል አዲስ ሰፈር ውስጥ ቤዝመንት የሚሉትን ከመሬት በታች ያለ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ጋሼ መኮንን ዕድሜያቸውን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ቅዳሴ የማያመልጣቸው፣ አበሻው ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ደረጃው ላይ አቁመው መረመሩኝ።

"አገር ቤት ሥራህ ምን ነበር?"

"ኤሌክትሪሻን፣ ጋሼ።"

"ጥሩ። የእኔ ሩል ትንሽ ነው። ስሞክ የለም። ገርልፍሬንድ የለም። ስኖው ሲጥል ሳይድዎኩን አንተ ክሊን ታደርጋለህ። ዘፈን የለም፤ በተለይ ልጄ የምትከፍተው ዱም ዱም፣ እሱ እንኳን ለተከራይ ለባለቤትም አልተፈቀደም።"

"እኔ ዘፈን አልወድም።"

"ተባረክ!" ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

አንድ ቅዳሜ ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል ውስጥ የጫማ ሳጥን ስደረድር ውዬ መጥቼ ጋደም እንዳልኩ ከጣሪያው ትንፋሽ ወረደ። የእመቤት ትንፋሽ። ከኋላው የእኔው ከበሮ ተከተለ። አገሬን ጥዬ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "አገኙኝ" የሚል ነው። ከአልጋዬ ተነስቼ መብራቱን አጠፋሁ፤ በቀን ብርሃን መብራት ማጥፋት ምን እንደሚጠቅመኝ አላውቅም።

ዘፈኑ ሲያልቅ የጋሼ መኮንን ልጅ ሊያ የሚታጠብ ልብስ ይዛ ወረደች፤ ማሽኑ ከእኔ በር አጠገብ ነው። እዚሁ ተወልዳ ያደገች የኮሌጅ ተማሪ ናት። ቲሸርቷ ላይ ያ መጋረጃ አለ፣ የእኔ ማኅተም።

"ሶሪ፣ በጣም ላውድ ነበር?" አለችኝ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ጓዳ! ኖ ዌይ፣ አታውቀውም? ላይክ፣ ከአዲስ የወጣ ቤስት ሌብል እኮ ነው። ዳውንታውን ዲጄዎቹ ሁሉ ይጫወቱታል። እኔ ላይክ አማርኛ መማር የፈለግኩት በእሱ ነው፣ ግን ዘ ሶንግ ሃዝ ኖ ወርድስ።" ሳቀች። "ኦውነሩን ማንም አያውቀውም። ሂ ዳይድ፣ አክችዋሊ። ስቱዲዮውን የሰበሩት ሰዎች ገደሉት።"

"ነፍስ ይማር" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ከላይ ጋሼ መኮንን ጮኹ፦ "ሊያ! እሱን ነገር ሁለተኛ እንዳልሰማው! የሠራው ሰውዬ እጁ ይሰበር!"

"አሜን" አልኩ ከታች።

አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን አላሳቀኝም። ጋሼ መኮንን ካወቁ ቤተ ክርስቲያኑ ያውቃል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ካወቀ በሳምንቱ አዲስ አበባ ይደርሳል። እመቤት ደግሞ እኔ ከወጣሁ በኋላ አግብታ ደብረ ብርሃን ገብታለች። አማቷ ቄስ ናቸው፣ የምትኖረውም ከእሳቸውና ከባሏ ጋር ነው፣ ስለ ጓዳ አንዲት ነገር አያውቁም።

የጥገኝነት ጉዳዬ በጠበቃዬ ቢሮ በኮምፒውተር ታየ። ዳኛዋ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ የባሰ ያስፈሩኝም ለዚያ ነው። አስተርጓሚው እያገናኘን አንድ የሙዚቃ መጽሔት ወደ ካሜራው አስጠጉ።

"እዚህ ላይ የጓዳ መሥራች ሞቷል ይላል።"

"አልሞትኩም።"

"እርስዎ እንዳልሞቱ አያለሁ። መሥራቹ እርስዎ መሆንዎን ነው ያላየሁት። ሸክላው ላይ ስምዎ የታለ?"

"ስም አይጻፍበትም። ሕጋችን ነው።"

"የፖሊሱ ወረቀት ደግሞ ተከራይ ይልዎታል።"

"እኔው ነኝ እንደዚያ ያልኳቸው።"

"ለምን?"

"ፈርቼ።"

"አሁንስ ፈርተው እንደማይዋሹኝ በምን ልወቅ?"

ጠበቃዬ በርሊን ላለው መደብር ጽፎ ነበር፤ እነሱም መሥራቹን የሚያውቁት በኢሜይል፣ ያውም በሌላ ስም መሆኑን ነግረው የሐዘን መግለጫ ላኩልን። የመታሰቢያ ጭፈራ አድርገውልኛል፣ ብዙ ሰው መጥቶ ነበር አሉ። ዳኛዋ በመጨረሻ አንድ ዕድል ሰጡኝ፤ ጓዳው ውስጥ አብሮኝ የነበረ፣ በራሱ ስምና ድምፅ የሚመሰክር ሰው ላምጣ። ካላመጣሁ ባለው ይወስናሉ፣ ያለው ደግሞ ምንም ነው። ልመለስ ማለት ነው፤ መሞቴን ሰምተው የረኩ ሰዎች መኖሬን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አስቡት። የሌሎቹን ልጆች አድራሻ ሆን ብለን አንይዝም ነበር። የቀረችኝ እመቤት ብቻ ናት።

ሰንሪጅ መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ የሥራ እረፍቴን ጠብቄ ደወልኩ። እዚህ ጠዋት ነው፣ እዚያ መሽቷል።

"ወንድምዬ!" አለች። "እንዴት ነህ፣ ብርዱ እንዴት ይዞሃል?"

ድምፅዋን ስሰማ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። "እሙ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ስለ ጓዳ መመስከር አለብሽ" አልኩ። ከተናገርኩ በኋላ ነው የሳህን ድምፅ የሰማሁት፣ ቀጥሎም የሽማግሌ ሳል። ስልኩ ስፒከር ላይ ነው፣ ቤተሰቡ እራት ላይ ነው።

ማንኪያ ሲቀመጥ ተሰማ።

"ምን ጓዳ?" አለች ኮስተር ባለ ድምፅ። "አላውቅም። ሰምቼም አላውቅም።"

ስልኩ ተዘጋ። እኔ ያሠለጠንኳት እመቤት ናት፣ አንዲት ፊደል አልሳተችም። ጎበዝ ልላት ፈልጌ እዚያው መኪኖቹ መሃል ቁጭ አልኩ። አንድ ሰው "አር ዩ ኦኬ?" ብሎኝ አለፈ።

ከዚያ ምንም አልሰማሁም። የቀጠሮው ቀን እየቀረበ ሄደ፣ እንጀራም ዳቦም አልወርድ አለኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ጠርጌ ስገባ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ደርሶ አገኘሁ። ከእሷ ነው። ከፈትኩት። መጀመሪያ አየር ሳብ ስታደርግ ተሰማኝ፣ ልክ እንደ ሸክላው።

"እመቤት ጌታቸው እባላለሁ። ጓዳ ውስጥ ያንጎራጎርኩት እኔ ነኝ። የሠራው ወንድሜ ናሆም ጌታቸው ነው። ወንድሜ አልሞተም።"

ከኋላዋ በር ሲጥጥ አለ። የወንድ ድምፅ "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለ። እዚያ ላይ ይቆረጣል።

አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ ደጋግሜ ሰማሁት። ለጠበቃዬ ላክሁለት፤ "ፐርፌክት" ብሎ መለሰ። እሷ ጋ ስደውል ዝግ ነው። ስደውል ዝግ ነው። ያቺ ድምፅዋን ቀድታ ያስቀመጠችው የስልኩ ሴትዮ በሚያምር አማርኛ ማግኘት አልቻልንም ትለኛለች። መልእክቱን እንደገና ከፈትኩ፣ የባሏ ድምፅ ተቆጥቶ ይሁን ዝም ብሎ ጠይቆ ይሁን ለመለየት። አልለይ አለኝ።

ደረጃው ላይ እርምጃ ሰማሁ። ጋሼ መኮንን ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወርደው የእኔ በር ላይ ቆሙ።

"ማናት ይህች ሴት? በሂተሩ ቱቦ ኪችን ድረስ ይሰማል። ሠላሳ ጊዜ ከፈትካት።"

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

"ሊያ የምትሰማት ሴትዮ ናት አይደለም? አተነፋፈሷ ያው ነው። እኔ እኮ ጠልቼው ነው እንጂ ጆሮዬ አልደነቆረም።"

"አላውቅም" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ብዙ ዘመን ያኖረኝ ቃል ነው። ግን እመቤት በዚያ ቤት ውስጥ ስሟን እስከ አባቷ ጠርታ እኔ እዚህ ልክዳት አልቻልኩም።

"እህቴ ናት" አልኩ። "እመቤት ትባላለች። ዱም ዱሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። ኤሌክትሪሻን አይደለሁም።"

ጋሼ መኮንን የበሩን መቃን ያዙ። ውጣልኝ እስኪሉ ጠበቅኩ። ሻንጣዬ የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግኩ።

"መጨረሻ ላይ የተናገረው ማነው?" አሉ።

"ባሏ ይመስለኛል።"

"ያውቅ ነበር?"

"አያውቅም።"

"አሁን የት ናት?"

"ስልኳ ዝግ ነው፣ ጋሼ።"

ጉልበታቸውን ይዘው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

"ስለ ቤቱ ነገ እንነጋገራለን" አሉ። "አሁን ደውልላት።"

"አሁን ደውዬ ነበር።"

"እንደገና ደውል!"

ደወልኩ። እሳቸውም እንዲሰሙ ስፒከር ላይ አደረግኩት። አሁን ግን ጠራ። እየጠራ ቆየ፣ ጋሼ መኮንን በእጃቸው አማተቡ። ስልኩ ተነሳ፣ ማንም ግን ሀሎ አላለም። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

የእመቤት አልነበረም።