የጥምቀት ፔስትራ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ የምር ለቅሶ የሚሰማው ሰው ሲሞትና የእኔ ፀጉር ሲሠራ ነበር። የፀጉሩ ይብስ ነበር።

የዚያን ዓመት ቆረቆር ወጥቶብኝ እማዬ በምላጭ ላጨችኝ። ጥምቀት ሲደርስ ፀጉሬ ገና ጣት አያክልም። አቦከር ሰፈር ጎረቤታችን የነበረችው ሂሩት፣ ሹሩባዋ ወገቧ የሚደርሰው፣ እኔን ሴቷን "አንተ ልጅ!" እያለች ስትጠራኝ ከረመች። በዚህ የተነሳ ያልተደባደብንበት ጥግ ሐረር ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም፤ ሁልጊዜም አፈር የምቅመው እኔ ነኝ። ለጥምቀት አምሬ ካላየችኝ ሞቼ ልገኝ ብዬ ማልሁ።

ፀጉሬን በማድረቂያ እየሳበች ፔስትራ የምትሠራኝ ታላቅ እህቴ እትዬ ብዙ ነበረች። ማድረቂያዋ ከጅግጅጋ በኮንትሮባንድ የገባች፣ ስትነሳ እንደ ጀት የምታጓራ፣ ማታ ቢነኳት የከተማውን ጅብ ከሐረር ውጭ ድሬ ጠያራ ድረስ የምታስሸሽ ነበረች። እትዬ ብዙ ጉልበቷን ጀርባዬ ላይ ተክላ ያችን ቁራጭ ፀጉር በብሩሽ ጠምዝዛ ስትጎትታት ቅንድቤ አናቴ ላይ ወጣ። ስፈራገጥ በብሩሹ ጀርባ ታቀምሰኛለች። ጆሮዬ ተጠበሰ። የተቃጠለ ፀጉርና የቫዝሊን ሽታ ቤቱን ሞላው።

ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ጩኸቴን ሰምተው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ያ ረቢ! ልጅቷን እያረድሻት ነው?"

"ፀጉር እየሠራኋት ነው፣ አዴ!"

"ወላሂ፣ ማረዱ ይሻላት ነበር!"

ሲያልቅ መስታወት አየሁ። ዓይኔ አብጧል፣ ጆሮዬ ቲማቲም መስሏል፤ ፀጉሬ ግን ወደ ጎን ተኝቶ ያብረቀርቃል። እንቁላል የተሸከምኩ ይመስል አንገቴን ሳላዞር ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሄድኩ። ሂሩት ከሩቅ አየችኝና አፏን ከፈተች። ልክ ያኔ ካህናቱ ጸበሉን ይረጩ ጀመር። እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ጸበል የሚሸሽ ደግሞ ማን ነው?

"ያዟት! ሰይጣን አለባት!" አለች አንዲት ሴትዮ። አንድ ጎረምሳ በማጅራቴ አንጠለጠለኝ።

"ፀጉሬን! ፀጉሬን!" ብዬ ጮኽኩ።

"ፀጉሯን ነው የያዛት! ጨምሩበት!" ተባለ። ጆግ በጆግ ላይ ወረደብኝ፤ የቄሱ መስቀልም ግንባሬን፣ ትከሻዬን እየጠበጠበ "ልቀቃት!" ይለኛል። የናፖሊዮን ጦር እንደዚያ አልተቀጠቀጠም።

ያዳነችኝ ሂሩት ናት። ዘላ ገብታ የጎረምሳውን ክንድ ነከሰች። "ጤነኛ ናት! ፔስትራዋ እንዳይበላሽባት ነው!" ብትል ማን ሰምቷት! የሷም ሰይጣን ታወቀና አብራኝ ተጠመቀች።

ወደ ቤት ስንመለስ ፀጉሬ ተጠቅልሎ ቃሪያ ዘር አክሏል። ሂሩት ሹሩባዋን እየጨመቀች፣ ሳታየኝ፣ "ከመርጠቡ በፊት አምሮብሽ ነበር" አለችኝ። "አምሮብሽ" ነው ያለችኝ፤ "አምሮብህ" አይደለም።

ዛሬ ልጄ ፀጉሯን ወዳ ታሳጥራለች። ጠዋት ጠዋት በሯን ዘግታ፣ ድምፁ በማይሰማ ማድረቂያ ብቻዋን ትሠራዋለች። "ላግዝሽ?" ስላት፣ "ኧረ እማ፣ እጅሽ ያማል" ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ያማል። አምራ ስትወጣ በኩራት አያታለሁ። ግን ሂሩት ከእኔ ጋር እንደተጠመቀችው አንድም ሰው ሳይጎዳላት ማማሯ፣ ምን ልበላችሁ፣ አንጀቴን ይበላኛል።