የሚያውቅዎት ሰው

ወይዘሮ ትሩፋት በአንድ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ የሚኮሩበት አንድ ነገር ነበራቸው፤ ባለጉዳዩን አውቀዋለሁ ብለው ከችሎት ተነስተው አያውቁም። እንዴት ይነሱ? የሚያውቁት ሰው የታለና! ሰርግ ሲጠሩ አይሄዱም፣ የጎረቤት ክርስትና አይቀምሱም፣ ነገ ከፊቴ ይቆም ይሆናል እያሉ ሰላምታ እንኳ ይሰስታሉ። ፍርዳቸው ንጹሕ ነው ይባል ነበር። ቤታቸውም እንደዚያው ንጹሕ ነበር፤ እግር የረገጠው የለማ።

ጡረታ ሲወጡ ከእህታቸው ከጤናዬ ጋር አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ገቡ። ምስኪን ጤናዬም በእህቷ ደንብ ስትኖር ሰው ሳታፈራ ቀረች። ባለፈው ግንቦት ስትሞት ድንኳን የሚተክል ጠፋ። ቀብሯ ላይ ከእሳቸው፣ ከካህናቱና ከቆፋሪዎቹ ሌላ የቆመው፣ አስከሬኑን ያመጣው ሹፌር ብቻ ነበር፤ እሱም ሰዓቱን ያያል።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ትሩፋትን አንድ ሐሳብ ያዛቸው። እኔንስ ማን ይቀብረኛል? ስንቱን ሲዳኙ ኖረው ሬሳቸውን የሚያነሳ ማጣት ይከብዳል። ከበዳቸውና ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው አባል ለመሆን የሰፈሩ ዕድር ስብሰባ ሄዱ።

ገና ከመቀመጣቸው አንዱ፣ "ዳኛ!" ብሎ ተጣራ።

"አቤት!" አሉ ወይዘሮ ትሩፋት ብድግ ብለው።

የተጠሩት ለካ የዕድሩ ዳኛ አቶ ቸኮል ናቸው። ስብሰባው በሳቅ አውካካ። ወይዘሮ ትሩፋት የሚገቡበት ጠፋቸው።

አቶ ቸኮል ሳቁን አስቁመው፣ "እንግዲህ ደንባችን ነው፤ የሚያውቅዎት አባል ይነሳና ይመስክርልዎ" አሉ።

ማን ይነሳ? ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ ከኋላ፣ ጎሚስታ ቤት ያለው ሉቃስ፣ እጁ ጎማ ሲጠግን እንደጠቆረ፣ ተነሳ።

"እኔ አውቃቸዋለሁ። ወዲህ ከመምጣቴ በፊት በአባቴ ቤት ጉዳይ ፈርደውብኛል።"

ወይዘሮ ትሩፋትን የኖረ ልማዳቸው ቀደማቸው። "ባለጉዳዬ ከነበረማ ምስክርነቱ ሊያዝ አይገባም!"

ጉድ እኮ ነው! የተገኘውን አንድ ሰው በገዛ አፋቸው ሊያባርሩት!

ሉቃስ ግን ሳቀ። "ይኸው! አላውቃቸውም? እንደዚህ ናቸው።"

"በቃ፣ ገብተዋል" አሉ አቶ ቸኮል።

ስብሰባው ሲበተን ወይዘሮ ትሩፋት ሉቃስን በሩ ላይ ጠበቁት። ፊቱን ቢያዩት፣ ቢያዩት ሊያስታውሱት አልቻሉም። የሚያውቃቸው እሱ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ አያውቁትም።

"ልጄ፣ ፍርዱ ልክ ነበር?"

"አልነበረም፣ እትዬ።"

ጤናዬ ከሞተች ወዲህ እትዬ ያላቸው ሰው አልነበረም። ይቅርታ ሊሉ ፈልገው የጠቆረ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"አይዞዎት" አለ ሉቃስ። "ቀብርዎ ላይ እኔ እቆማለሁ።"