ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ኮምፒውተሬን የገጣጠምኩት እኔው ነኝ። ይህን የምናገረው ለጉራ ነው፤ አልደብቅም። በዚያን ጊዜ ሀዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕንፃ ንድፍ እሠራ ነበር። ቤት ወስጄ የምጨርሰው ሥራ ስላለ ጠንካራ ኮምፒውተር ያስፈልገኛል እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ግራፊክስ ካርዱን የገዛሁት የመኪና ውድድር ልጫወትበት ነው። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሥራ ያለኝ፣ ቁም ነገረኛ የምባል ሴት ነበርኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ወንበሬ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዘመምኩ ኩርባ እታጠፋለሁ።

ግራፊክስ ካርድ ለማያውቀው፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሥዕል የሚሠራው ክፍል ነው። ጌም ሲከፈትበት ይሞቃል። ሲሞቅ የራሱ ፋን ይፈጥናል። ፋኑ ካልቻለው ካርዱ ራሱን ለማዳን ሥራውን ይቀንስና መኪናዋ ስክሪኑ ላይ መንገታገት ትጀምራለች። ከዚያ ካለፈ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ሙቀቱን የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ጭኜ ቁጥሩን ከስክሪኑ ጥግ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ስልሳ አምስት ዲግሪ ሲል ደስ ይለኛል። ሰባ አምስት ሲል ዐይኔ ከመንገዱ ይልቅ ቁጥሩ ላይ ነው። ቁጥር ሳይ ስንቴ ገደል እንደገባሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነበር፤ ወይም እኔ ከእሷ ጋር፤ ቤቱ አባቴ ትቶልን የሄደው፣ እዚሁ ሀዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው ቤት ነውና። አባቴ በመምህርነት ተመድቦ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። በወባ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነበር። እናቴ ልቅሶዋን ድንኳኑ ሳይነሳ ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ ግን ሲጠይቋት ብቻ የምትመልስ ሰው ሆነች። ምግብ ትሠራለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ተመልሳ ሳሎን ትቀመጣለች። ከቢሮ ስገባ «ዋልሽ?» ትለኛለች፤ የዕለቱ ወሬያችን እሱ ነው። ቤት መግባት ይከብደኝ ጀመር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን ታዲያ ከሥራ ስመለስ ኪሮሽ ይዛ አገኘኋት። በልጅነቴ የማውቀውን የዳንቴል መሥሪያዋን ከየት ቆፍራ እንዳወጣችው እንጃ፤ ክሩን ጣቷ ላይ ጠምጥማ ትሠራለች። ደስታዬን የት ላድርገው? በሁለት ወር ውስጥ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለበሰ። ፍሪጁ ለበሰ። ሬዲዮው፣ የሶፋው ክንድ፣ የስልኩ ጠረጴዛ ለበሱ። እንግዳ መጥቶ ትንሽ ቆየት ቢል እሱም መልበሱ አይቀርም ነበር። ከክሩ ጋር ወሬዋ ተመለሰ። የጎረቤታችንን ዳንቴል «አሁን ይሄ ወንፊት ነው ዳንቴል?» እያለች ስታማ ስሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሐሜት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ተራው የኔ ሲፒዩ ሆነ። የኮምፒውተሩን ቆርቆሮ ሳጥን ሁላችንም የምንጠራው ሲፒዩ ብለን ነው። እኔ ቢሮ ስውል እናቴ ለክታዋለች። ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ነጭ ዳንቴል ሠራችለት፤ ከፊት ለማብሪያው ቁልፍ ብቻ ክፍት ትታለት፣ ዳር ዳሩን የሐይቃችንን ዓሣ አሰልፋበት። አቧራ በቀዳዳው እንዳያልፍ ከውስጥ ወፍራም ገበር ሰፍታበታለች።

«ራቁቱን ሲታይ ያስጠላል እኮ» አለችኝ።

«እጅሽ ይባረክ» አልኩና ሳምኳት።

ቁጥሩ በዚያው ሳምንት መውጣት ጀመረ። ሰማንያ፣ ሰማንያ ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት። ፋኑ ሰው የጫነ ባጃጅ ዳገት ሲወጣ እንደሚጮኸው ይጮኻል። እኔም ባለሙያ ነኝና የባለሙያ ሥራ ሠራሁ። ሳጥኑን ፈትቼ አቧራውን ጠረግሁ። የፋኑን ፍጥነት በእጄ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት። የሥዕሉን ጥራት ቀነስኩ። ፒያሳ ያለው ጠጋኝ ጋ ወስጄው ሙቀት እንዲያስወጣ ከካርዱ ሥር የሚቀባውን ፔስት ቀየረልኝና «እህቴ፣ ምንም የለበትም፤ የሀዋሳ ሙቀት ነው» አለኝ። ለእሱ ስለ ዳንቴሉ ትንፍሽ አላልኩም። ምክንያቱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ልጫወት ስቀመጥ ዳንቴሉን ቀስ ብዬ እገልጠዋለሁ፣ መስኮቱንም እከፍታለሁ። እናቴ ሻይ ይዛልኝ ትገባና ዳንቴሉን መልሳ ታለብሰዋለች፤ መስኮቱንም ትዘጋዋለች። «በላብሽ ላይ ንፋስ ይመታሻል» ትለኛለች። እኔ ዝም። ካርዱ ቢቃጠል አልቅሼም ቢሆን ሌላ እገዛለሁ። ያቺ ኪሮሽ ከእናቴ እጅ ከወረደች ግን በምን አባብዬ መልሼ አስይዛታለሁ?

ዝምታዬ የዘለቀው እስከ አንድ እሑድ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ውድድሩን አንደኛ ሆኜ ልጨርስ አንድ ኩርባ ሲቀረኝ፣ ቁጥሩ ዘጠና አንድ አለና ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። እኔ ደግሞ ንዴቴ ቅርብ ነው፤ የአባቴን ትዕግሥት አልወረስኩም። ዳንቴሉን ሞሽልቄ አልጋው ላይ ወረወርኩት።

«እንዲህ ተጀቡኖ እንዴት ይተንፍስ!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ገባች፣ ዳንቴሉን አነሳች፣ በጥንቃቄ አጠፈችውና ይዛው ወጣች። ኮምፒውተሩ ሲቀዘቅዝ ደህና ተነሳ። እናቴ ግን ያን ሳምንት ሙሉ ኪሮሽ አልያዘችም። ማታ ስገባ «ዋልሽ?» ብቻ። ራሴን ጠላሁት። መልሼ ያገኘኋትን እናቴን ለአንድ ኩርባ ብዬ አጣኋት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ይቅርታ ጠየቅኋትና እጇን ይዤ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳት። ጌሙን ከፈትኩ፤ መኪናዋን መንገድ ዳር አቆምኳት። «ይሄ ቁጥር የካርዱ ትኩሳት ነው» አልኳት። እጇን ወስጄ ከሳጥኑ ጀርባ ሙቅ አየር የሚወጣበት ላይ አደረግሁት።

«ውይ! ይፋጃል እኮ» አለች።

ዳንቴሉን አምጥቼ አለበስኩት። መስኮቱንም ዘጋሁ። አብረን ቁጥሩን አየን፤ ሰማንያ፣ ሰማንያ አራት፣ ሰማንያ ስምንት፤ ፋኑ ይጮኻል። ከዚያ ዳንቴሉን ገለጥኩና መስኮቱን ከፈትኩ። ከሐይቁ በኩል ንፋስ ገባ። ሰማንያ ሦስት። ሰባ ሰባት። ሰባ ሁለት ላይ ፋኑ ጸጥ አለ። አስተማሪነቱ የተሳካልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኛል። ገበሩን ፈትተን ከላይ ብቻ ጣል እናደርገዋለን፣ ዓሣዎቹም ይታያሉ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አባትሽንስ?» አለች፤ ዐይኗን ከቁጥሩ ሳትነቅል።

ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አባቴን ትኩሳት የጀመረው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ያንቀጠቅጠዋል። እናቴ ጋቢ አለበሰችው፣ በላዩ ላይ ብርድ ልብስ ደረበች፣ በርና መስኮቱን ዘጋች፣ ላብ እንዲያወጣው ትኩስ ሻይ በሎሚ አጠጣችው። ማንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሰኞ ሐኪም ቤት ስናደርሰው ነርሷ መጀመሪያ ያደረገችው ብርድ ልብሱንም ጋቢውንም ገፍፋ መስኮቱን መክፈት ነበር። እናቴ ጋቢውን ታቅፋ ግድግዳ ተደግፋ እንደቆመች ትዝ ይለኛል።

«ነርሷ መስኮቱን ስትከፍተው ነው የጠረጠርኩት» አለችኝ። «ማንንም አልጠየቅሁም። አሁን ይሄው በዐይኔ አየሁት። ልጄ፣ እኔ ነኝ ያፈንኩት?»

ተንበርክኬ ሁለት እጇን ያዝኩ። «ጋቢው አይደለም እማዬ» አልኳት። «ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ነግሮኛል። ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶ ነበር። ቅዳሜውኑ ብታመጡት ኖሮ ነው ያለኝ።» ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ነው። «ቅዳሜ አንቺ ሐኪም ቤት እንውሰደው ስትይ፣ ጉንፋን ነው፣ እስከ ሰኞ እንየው ያልኩት እኔ ነኝ።»

እናቴ ከስክሪኑ ዞር ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም። ግንባሬ ላይ የወረደውን ፀጉሬን በጣቷ ወደ ኋላ መለሰችልኝ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «የኔን ካነሳሁ ያንቺም ይነሳል ብዬ እኮ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።»