ቀልድ ያበዛል

በደርግ ጊዜ ወሎ ሰፈር በነበረ አንድ የመንግሥት ጋራዥ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁኝ ይደክመኛል። ብዙ ያየ ሰው ሞልቷል፤ የኔ አንድ ቅዳሜ ነው።

አንድ የፍሬን መካኒክ ነበር፤ አባቱ የትግራይ ሰው፣ እናቱ ኦሮሞ፣ እሱ የአዲስ አበባ ልጅ። በሦስቱም ቋንቋ ይለክፈኝ ነበር። ቀጭን ስለሆንኩ በዕቃ ክፍሉ መስኮት ብቅ ባለ ቁጥር፣ "አንቺ፣ ንፋስ እንዳይወስድሽ ኪስሽ ብሎን ጨምሪበት እንጂ!" ይለኛል። ደግሞ ያስተምረኛል፦ አባቱ ዕላል የሚሉት ቁጭ ብሎ ማውጋት ነው፣ ማንንም አይነካም፤ ጭርቃን የሚሉት ቀልድ ግን ይነካል። የአማርኛው ተረብ ያለ ተመልካች አይጥምም። እናቱ ቆሳ የሚሉት ቀልድ ደግሞ ለማይወዱት ሰው አይባክንም። "ካልወደድኩሽማ ምን አደከመኝ?" ይል ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ የውይይት ክበብ ነበረብን፤ ሂስና ግለ ሂስ። እያንዳንዳችን ተነስተን የአንድ ባልደረባችንን ጥፋት መናገር ነበረብን፤ "የለኝም" ያለ አድርባይ ይባላል። ስለዚህ ቀላል ቀላሉን እየመረጥን እናወጣለን፤ አርፍዶ መጣ፣ ቅባት የነካ ጨርቅ ጥሎ ሄደ። ዓመት ሲሞላ ጥፋቱም አለቀብን። ያን ቅዳሜ መካኒኩ ደረሰኝ። ቶሎ ተናግሬ ቤቴ መግባት ነበር የፈለግሁት። ከሁሉ የቀለለ የመሰለኝን አነሳሁ።

"ጓድ ቀልድ ያበዛል" አልኩ።

ሰብሳቢው ብዕሩን አነሳ። "በማን ላይ?"

"በኔ።"

"በአማርኛ?"

"በኦሮምኛም በትግርኛም ይችልበታል" አልኩ፤ ሞኟ፣ ያመሰገንኩት መስሎኝ።

ሰብሳቢው ጻፈ። መካኒኩ ተነስቶ "አርማለሁ" አለ። ሰኞ መጥተው ወሰዱት፤ በማይገባቸው ቋንቋ ምን ሲል እንደከረመ ሊጠይቁት። ዘጠኝ ቀን ቆየ። ሲመለስ "ምንም አላደረጉኝም" አለ አሉ። ማመን ስለፈለግሁ አመንኩ።

በማግስቱ መስኮቱ ላይ መጣ።

"እንደምን አደሩ ጓድ። የፍሬን ሸራ፣ ሁለት።"

"በፈጠረህ፣ ስደበኝ እንኳ" አልኩት፤ እንባዬ መጣ።

ዞር ብሎ ኋላውን ቃኘ። ከዚያ የዕቃ ወጪ ማዘዣውን ወደ ራሱ ሳበ።

"የት ጋ ልፈርም?" አለኝ፤ ስድስት ዓመት ሲፈርምበት በኖረው ወረቀት ላይ።